በሞቴ ቢሏት እምቢ ያለችው እማዋይሽ

ተረት ተረት!

አይ፣ አልሰማሁም። ይሄ የልጅ ድምፅ ነው ወይስ የትንኝ? ራት አልበላችሁም እንዴ? እንደገና። ተረት ተረት!

«አምጪው እማማ፣ ለጆሯችን ራት!»

እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ። ደምለው፣ እግርህን ከእህትህ ላይ አንሳ። አንስቻለሁ ነው የምትለው? እያየሁህ እኮ ነው። በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ።

በድሮ ዘመን፣ ከአንድ ትልቅ ወንዝ ማዶ፣ እማዋይሽ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ንብ አርቢ ነበር። ከጓሮው ቀፎ ይሰቅላል፣ ንቡ ይገባለታል፣ ማሩን ይቆርጣል። እንዲህ ሲኖር ሲኖር ታመመና ሞተ። እማዋይሽ አለቀሰች። አልቅሳ አልቅሳ ፊቷን ታጠበች። ከዚያም ነጠላዋን አገልድማ ወደ ቀፎዎቹ ሄደች። የመንደሩ ሰው፦ «ሴት ከመቼ ወዲህ ነው ንብ የምትነካው?» አለ። እሷ ግን ቀፎዋን ከፈተች። ልጆቿ መብላት አለባቸው።

ልጆቿ ሦስት ነበሩ። ይሁኔ ትልቁ ነው፤ የፊት ጥርሱ ገና መውለቅ የጀመረ። አንጓች መካከለኛዋ ናት፤ ምላሷ ውሎ የማያርፍ። ሙጬ ደግሞ ትንሹ ነው፤ ሆዱ ከፊቱ እየቀደመ የሚሄድ፣ ማር ሲያይ ዓይኑ የሚፈጥ። ምን ትስቂያለሽ ዘነቡ? አንቺም እንደዚያው ነበርሽ።

እንግዲህ ንብ ያለበት ቤት እንደ ሌላው ቤት አይደለም። ንብ ይቆጣል። ሲቆጣ ደግሞ የሚያሳድደው የሚሮጠውን ነው። እማዋይሽ ይህን ስለምታውቅ ልጆቿን አንድ ነገር አስተማረቻቸው። «ድፍት!» ስትል፣ ያሉበት ቦታ ላይ በሆዳቸው ይተኛሉ። ፊታቸውን በክንዳቸው ይሸፍናሉ። «ተነሱ» እስክትላቸው አይነቃነቁም። ሲጫወቱ «ድፍት!» ትላለች፤ ይደፋሉ። ከወንዝ ሲመለሱ «ድፍት!» ትላለች፤ ይደፋሉ። አንድ ቀን አንጓች ጭቃ መሐል ቆማለች። እናቷም «ድፍት!» አለች። አንጓች ተደፋች። ተነስታ ስትመጣ ከጥርሷ በቀር ነጭ ነገር አልነበራትም። ጎረቤቱ ሁሉ በሳቅ ሞተ።

እማዋይሽ አትጮህም፣ ዱላም አታነሳም። ቃሏ ግን አንድ ነው። «አይሆንም» ካለች አይሆንም። ጠዋትም አይሆንም፣ ማታም አይሆንም፣ ደክሟትም ቢሆን አይሆንም። «እሰጥሃለሁ» ካለችም ትሰጣለች እንጂ ረስታው አታውቅም። በቤቷ ደግሞ አንድ ሕግ ነበረ። በልቅሶ የተጠየቀ ነገር በዚያ ቀን አይሰጥም። በነጋታው በደህና አፍ ከተጠየቀ ግን ይሰጣል። ሕጉ ይኸው ነው።

ወይ ጭካኔ ትሉኝ ይሆናል። ተዉ እባካችሁ! የከበደውስ ለእሷ ነበር። ልጅሽ ዓይን ዓይንሽን እያየ ሲያለቅስ ዝም ማለት ቀላል መስሎሻል? ትወልጂና ታይዋለሽ።

ከዕለታት አንድ ቀን የባሏ ታላቅ ወንድም አያ ዳምጤ ወንዙን ተሻግሮ በበቅሎ መጣ። አያ ዳምጤ ሀብታም ነው፤ ከብቱን በረት አይችለውም። ልጁ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ቸኮል ይባላል። አንድዬ ነዋ! ቸኮል ያለው ይሆናል። አባቱ «ተው» ይለዋል፤ ቸኮል አይተውም። «ተው ብዬሃለሁ» ይለዋል፤ አይተውም። «ኋላ እንዳንጣላ!» ይለዋል፤ አይተውም። ከዚያም አባትየው ይደክመውና ዝም ይላል። ቸኮልም «ተው» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሳያውቅ አደገ። ለእሱ የአባቱ ቁጣ ጓሮ እንደምትጮህ ዶሮ ነበር።

እማዋይሽም እንግዶቿን ደስ ብሏት ተቀበለች። ቤት ያፈራውን አቀረበች። ማርም አቀረበች፣ ያውም ወለላውን። በዚያ አገር እንግዳ በልቶ እጁን እስኪታጠብ ልጆች ይጠብቃሉ። ይሁኔ ጠበቀ። አንጓችም አፏን በእጇ ይዛ ጠበቀች። ቸኮል ግን እጁን ማሩ ውስጥ ከተተና እየላሰ ተመለሰ፤ ደግሞ ከተተ። አባቱም፦ «ተው ቸኮል» አለና ሳቀ። ሙጬ ይህን አየ። ሆዱ አልችል አለ። ከዚያም፦ «እኔም! አሁን! አሁን ስጪኝ!» ብሎ መሬት ላይ ተንከባለለ።

እንግዳ ፊት መሆኑን አውቋል እኮ፣ ብልጥ! እናንተስ ብትሆኑ ሁሉን ነገር የምትጠይቁኝ እንግዳ ሲመጣ አይደለም?

እማዋይሽም፦ «ሙጬ፣ አልቅሰሃል። ዛሬ ማር የለም። ነገ ጠይቀኝ» አለች።

አያ ዳምጤም፦ «ኧረ ምን ነካሽ! ሕፃን አይደለም ወይ? ስጪው» አለ።

እማዋይሽም፦ «ነገ ይበላል አያ። እርስዎ ይብሉልኝ» አለች።

አያ ዳምጤም፦ «በሞቴ! ስለ እኔ ብለሽ ስጪው! አፈር ስሆን፣ በሞቴ!» አለ።

ውይ! በሞቴ አላት። በሞቴ ከተባለ ምን ይባላል? የጠገበው ይጎርሳል፣ የተኳረፈው ይታረቃል። ያውም የባል ታላቅ ወንድም ብሎ! ሙጬም ልቅሶውን ገታ አድርጎ በአንድ ዓይኑ እናቱን አጮልቆ አየ።

እማዋይሽም፦ «አያ ዳምጤ፣ ሞትዎን አያሳየኝ። ልጁ ግን ዛሬ ማር አይቀምስም» አለች።

አያ ዳምጤ እጁን ሳይታጠብ ብድግ አለ። ፊቱ በርበሬ መሰለ። «በሞቴ ብዬሽ? እኔን? የወንድሜን ልጆች በዚህ በድንጋይ ልብሽ ልታሳድጊያቸው? ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ። ልጆቹን እወስዳለሁ!» ብሎ በቅሎው ላይ ወጣ። ቸኮልንም ከፊቱ አስቀመጠና ሄደ።

እማዋይሽ በሩ ላይ ቀረች። በዚያ አገር አባት የሞተባቸውን ልጆች የአባት ወንድም ልውሰድ ካለና ሽማግሌ ከፈረደለት ይወስዳል። እናት እያለቀሰች ትሸኛለች እንጂ ሌላ የምታደርገው የለም። ማሩን ከፍታ ሙጬን አጉርሳ «አያ ይመለሱ!» ብላ ብትሮጥ ይመለስ ነበር። ይህንንም አሳምራ ታውቃለች። ጓዳ ገባችና አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች። ማሩን ግን አልከፈተችም።

በነጋታው ሙጬ ገና ፊቱን ሳይታጠብ መጣ። ከእናቱ ፊት ቆመና፦ «እማ፣ እባክሽ ማር ስጪኝ» አለ። እሷም እቅፍ አድርጋ ሳመችው። ማሩንም በቅጠል አድርጋ ሰጠችው። ሙጬም እስከ ጆሮው ድረስ ተለቃለቀ።

ብዙም ሳይቆይ አያ ዳምጤ እንደዛተው ሽማግሎች ይዞ መጣ። ከፊት የሚሄዱት አባ ጥሩነህ ነበሩ። እሳቸው ከፈረዱ በኋላ በዚያ አገር ይግባኝ የሚባል ነገር የለም። ቸኮልም በበቅሎዋ ላይ ከአባቱ ፊት ተቀምጧል። በቅሎዋ ዳገቱን ወጥታ ላቧ ይንጠባጠባል። አያ ዳምጤም ወረደና ጓሮ ወስዶ ከቀፎዎቹ ሥር አሰራት።

እማዋይሽም፦ «አያ፣ ንብ የበቅሎ ላብ አይወድም። ወደዚያ ራቅ ያድርጓት» አለች።

አያ ዳምጤም፦ «ዛሬ ደግሞ እኔን ልታሳድጊ አማረሽ?» አለና አልፏት ሄደ።

እሷም ራሷ ልትፈታት ስትል አባ ጥሩነህ፦ «ነይ ወዲህ ልጄ፣ ጉዳዩ ያንቺ ነው» ብለው ጠሯት። ምን ታድርግ፣ ሄደች።

ሽማግሎቹ ግቢው መሐል ካለችው ግራር ሥር ተቀመጡ። አያ ዳምጤም ጋቢውን አስተካክሎ ተነሳና፦ «አባቶቼ፣ ማር በሞላበት ቤት የወንድሜ ልጅ ማር ተከልክሎ ሲያለቅስ በዓይኔ አየሁ። በሞቴ አልኳት። እምቢ አለችኝ! በእኔ ሞት ያልራራች በልጅ ልትራራ ነው? ልጆቹ እኔ ቤት ይደጉ። ያሻቸውን ይብሉ፣ ያሻቸውን ይሁኑ» አለ።

ሽማግሎቹም፦ «በሞቴ ብሎሽ እምቢ አልሽ? እውነት ነው?» አሏት።

እማዋይሽም፦ «እውነት ነው» አለች።

ሽማግሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አባ ጥሩነህም፦ «ምነው ልጄ? አንድ ጉርሻ ማር እኮ ነው» አሏት።

እማዋይሽም፦ «አባቴ፣ ማሩን ሰስቼ አይደለም። ሙጬ ሲያለቅስ ከእሱ ይልቅ የታመምኩት እኔ ነኝ። ግን አይሆንም ያልኩት በልቅሶ የሚሆን ከሆነ፣ እንግዳ ሲመጣ የሚሆን ከሆነ፣ ልጄ ሁለተኛ ቃሌን አያምነኝም። ይህ ደግሞ የንብ ቤት ነው። አንድ ቀን ድፍት ስለው፣ እናቴ የምሯን ነው ወይስ አይደለም ብሎ ቆሞ ያስባል። ንቡ እስኪያስብ አይጠብቀውም» አለች።

አንደኛው ሽማግሌ አዛጋ። ሌላው ጢሙን አሻሸ። አባ ጥሩነህም ይሁኔን ጠሩትና፦ «ና እስቲ አንተ ጎበዝ። አጎትህ ቤት ማር ሲያሻህ ትበላለህ። ትሄዳለህ?» አሉት።

ይሁኔ አሰበ። በዚያ ቤት ውሸት አይወደድም። «ማሩስ ደስ ይለኛል» አለ። የእማዋይሽ ልብ ስንጥቅ አለ። ይሁኔም ቀጠለና፦ «ግን እማን ጥዬ አልሄድም» አለ።

አያ ዳምጤም፦ «ሰማችሁ? ማሩስ ደስ ይለኛል አለ እኮ!» ብሎ ጮኸ። የኋለኛውን ሊሰማ ነው? ጆሮው እዚያ ላይ ተዘጋ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቸኮል የት ነው? ጓሮ ነዋ! ረጅም ዱላ አግኝቶ ቀፎ ይጎነትላል፣ ማር አወርዳለሁ ብሎ። ንቡ በበቅሎዋ ላብ ተቆጥቶ መጮህ ጀምሯል። አያ ዳምጤም ዞር እንኳ ሳይል፦ «ተው ቸኮል» አለ። ቸኮል ጎነተለ። «ተው ብዬሃለሁ» አለ። ጎነተለ።

እማዋይሽም ብድግ አለችና፦ «አያ፣ ልጁን ይያዙት! ንቡ ሊነሳ ነው!» አለች።

አባ ጥሩነህም፦ «ተቀመጪ! ነገር አትበጥብጪ» ብለው ተቆጧት። ከዚያም ጉሮሯቸውን ጠረጉና፦ «እንግዲህ እኔ ሳየው፣ እነዚህ ልጆች ከአጎታቸው ጋር...» ብለው ፍርዱን ጀመሩ።

ዱብ! ቀፎው ወደቀ።

ንቡ ተነሳ። ወይ ንብ! ጓሮው ጠቆረ።

እማዋይሽም፦ «ድፍት!» አለች።

አንዴ ብቻ ነው ያለችው። ይሁኔ ተደፋ። አንጓች ተደፋች። ሙጬም ያንን ሆዱን ይዞ ተደፋ። ሽማግሎቹስ? ሽማግሎቹማ ተነስተው ሮጡ! አንዱ ጋቢውን ጣለ። አንዱ አጥር ዘለለ፤ በጉልምስናው እንኳ ዘሎት የማያውቀውን አጥር። አባ ጥሩነህም ያ ሁሉ ግርማ የት እንደገባ እንጃ፣ ከዘራቸውን ትተው ቁልቁለቱን ተያያዙት። በቅሎዋ ገመዷን በጠሰችና ወንዙን ተሻግራ ወደ ቤቷ ገባች። አያ ዳምጤ ደግሞ የጭድ ክምር አየና ራሱን ቀበረ። ራሱን ብቻ! መቀመጫው ውጭ ቀረ። ንቡም ያንን አገኘ። ሳቁ፣ ሳቁ፣ እኔም ሁሌ እዚህ ላይ ያስቀኛል።

ቸኮል ግን፣ እኔን ልጄን፣ እየጮኸ ይሮጣል። ንቡም ይከተለዋል። እማዋይሽ፦ «ቸኮል፣ ድፍት!» አለችው። አልሰማም። ማን አስለምዶት! አባቱም ከጭዱ ውስጥ ሆኖ፦ «ቁም ቸኮል! ተው ቸኮል! ኧረ ቁም!» ይላል። ቸኮል የባሰውን ሮጠ። እማዋይሽም ከኋላው ሮጠችና ያዘችው። መሬት ላይ አስተኛችው። በላዩ ተኛችበትና ነጠላዋን ጣለችበት። ንቡ ጀርባዋን ነደፋት፣ አንገቷን ነደፋት። እሷም እንደተደፋች፦ «ይሁኔ! ጭስ!» አለች።

ይሁኔ ተነሳ። አልሮጠም። እናቱ እንዳስለመደችው ቀስ ብሎ ወደ ምድጃው ሄደ። የሚጨስ ኩበት በገል አድርጎ ይዞ ወጣ። ንብ ጉንጩ ላይ አረፈበት፤ እሽ አላለውም። በእናቱና በቸኮል ዙሪያ አጨሰ። በእህቱና በወንድሙ ዙሪያም አጨሰ። ንቡም ቀስ በቀስ ለቀቀ። ተሰብስቦም ከግራሯ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠለጠለ። አንጓችና ሙጬ አሁንም እንደተደፉ ናቸው። ያቺ ምላሳም አንጓች እንኳ ትንፍሽ አላለችም።

እማዋይሽም፦ «ተነሱ» አለች።

ተነሱ። አቧራቸውን አራገፉ። ሙጬን አንዲት ንብ አልነካችውም።

ሽማግሎቹም አንድ አንድ እያሉ በአጥሩ ቀዳዳ ተመለሱ። እርስ በርስ መተያየት አፍረዋል። የአባ ጥሩነህ ከንፈር አብጦ ሌላ ሰው አስመስሏቸዋል። ሦስቱን ልጆች አዩ። የእማዋይሽን አንገት አዩ። ከዘራቸውን ከመሬት አነሱና፦ «ቅድም ፍርድ ጀምሬ ነበር» አሉ። «እግዜር ይመስገን፣ አልጨረስኩትም። እኔ በዚህ ሽበቴ ሮጬ ተነደፍኩ፤ ሕፃኑ የእናቱን ቃል ሰምቶ ዳነ። በሞቴ ብሎሽ እምቢ ማለትሽ አሁን ገባኝ ልጄ። ይቅር በይን። ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ይደጉ! ከዛሬ ጀምሮ ልውሰድ ብሎ በዚህ በር የሚመጣ፣ ከእኔ ጋር ተጣላ!»

እማዋይሽ እልል አለች። ጀርባዋ እሳት ሆኖ እየነደደ እልልታውን አቀለጠችው! ልጆቿ ቀሚሷ ላይ ተጠመጠሙ። የመንደሩ ሴቶችም ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ከየደጃቸው እልል አሉ።

ከዚያም አያ ዳምጤ ከጭዱ ወጣ። መቆም እንጂ መቀመጥ አልቻለም። ቸኮልን አገላብጦ አየው፤ ልጁ ጆሮው ላይ ብቻ ተነድፏል። አያ ዳምጤም እንባው መጣና፦ «እማዋይሽ፣ ልጆችሽን ልወስድብሽ መጣሁ፤ አንቺ ልጄን አዳንሽልኝ። እሱንም አንቺው አሳድጊልኝ። እኔ አቅቶኛል» አለ።

እማዋይሽም፦ «አይሆንም አያ» አለች። እንግዲህ ይህቺ ሴት አይሆንም ካለች ታውቋታላችሁ። «እኔ ጋ ለምዶ እርስዎ ቤት ሲመለስ ይተወዋል። ልጁ ምንም አልሆነ፤ የላላው የእርስዎ ቃል ነው። ቤትዎ ገብተው ከሚስትዎ ጋር ይነጋገሩበት። አንዴ ይናገሩ። ከተናገሩ ደግሞ አይመለሱ። ሲያለቅስ ጥለውት አይሂዱ፣ አጠገቡ ይሁኑ። ቃልዎን ግን አይለውጡበት።»

አያ ዳምጤም፦ «ከመቼ ልጀምር?» አለ።

እሷም፦ «ከአሁን» አለች።

እንግዲህ በቅሎዋ ሄዳለች። መንገዱ በእግር ነው። ገና ከበር እንደወጡ ቸኮል፦ «እዘለኝ!» አለ። የአያ ዳምጤ የተነደፈ መቀመጫ እንኳን ልጅ ልብስም አይችልም። «በእግርህ ትሄዳለህ ልጄ» አለው። ቸኮል መንገዱ መሐል ቁጭ አለ። ጮኸ። ተንከባለለ። አፈር በተነ። መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ያያል። አያ ዳምጤ አላበው፣ አፉን ከፈተ... እሺ ሊለው ነው! ዘጋው። ደግሞ ከፈተ። ዘጋው። ሄዶም ልጁ አጠገብ ቆመ። አልተቆጣም፣ ቆመ ብቻ።

ቸኮል ጮኾ ጮኾ ቀና ብሎ አየ። አባቱ እዚያው ነው። ትንሽ ደግሞ ጮኸ። አባቱ እዚያው ነው። ከዚያም አፍንጫውን በእጁ ጠረገና ተነሳ። «እጄንስ ትይዘኛለህ?» አለ።

አያ ዳምጤም፦ «እጅህንማ እይዛለሁ!» አለ።

ተያይዘው ቁልቁለቱን ወረዱ። እማዋይሽም ልጆቿን ሰብስባ አንገቷን በውኃ ስታቀዘቅዝ፣ ከወንዙ ማዶ አንድ ድምፅ መጣ። አያ ዳምጤ ነው፣ በሙሉ ጉሮሮው እየተጣራ፦ «እማዋይሽ! ኧረ እማዋይሽ! በእግሩ ሄደ! ዳገቱን ሳይቀር በእግሩ!» ይላል።

እኔም ተረቴን ሰጠኋችሁ ከነማሩ፤ እናንተም ለአፌ ዳቦ ቆርሳችሁ አሳድሩ።